የዳማ አፍ

ሳንባ ሲቀቀል ሽታው እንደ ሥጋ አይደለም። መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ብረት ብረት ይላል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ሁለት ቀን አይለቅም። ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜን ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ገና የግቢውን በር ስገፋ ይኸው ሽታ ተቀበለኝ። ለቡችላው ሳንባ እየቀቀለ ነው። «ለውሻ የሚሆነውንና የማይሆነውን ስልክ ላይ አግኝቻለሁ፣ ላንብብልሽ» አለኝ። አላስነበብኩትም። ያንን ዝርዝር እኔ የተማርኩት በአሥር ዓመቴ፣ እሱ ገና የሦስት ወር ልጅ ሳለ ነው። የተማርኩትም በደህና አይደለም።

ያኔ ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት አጠገብ ነበር። አባቴ እዚያው ደጀን ይሠራ ስለነበር የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ቤት የምንውለው እናቴ፣ የእናቴ አባት፣ እኔና ሕፃኑ ነን። ግቢው ውስጥ ደግሞ ዳማ አለ፤ ቀላ ያለ፣ ደረቱ ነጭ፣ አንዱ ጆሮው የቆመ አንዱ የወደቀ ውሻ።

አያቴን ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከብት ሲከትቡና ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የቁይ ከተማን ዙሪያ ገጠር በእግራቸው ነው የጨረሱት። ከብት ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት አፉን ነበር። «ሰውም ከብትም የሚታመመው በአፉ ነው» ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት ጅብ በዛ። አንድ ጥጃ ተበላ፣ ከዚያ ፍየሎች ተበሉ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ አንድ ሰው መርዝ የነካው ሥጋ አስፋልቱ ሥር ባለው ቦይ መጣል ጀመረ። ጅቡ አልሞተም። የሞቱት ውሾች ናቸው። ትምህርት ቤት ስሄድ የመጀመሪያውን አየሁት፤ እግሮቹ እንደ እንጨት ተገትረው፣ ጥርሱ ተገልጦ። የሚስቅ ነበር የመሰለኝ።

ማታውኑ አባባ ጠሩኝ።

«ማስተዋል፣ ከዛሬ ጀምሮ የዳማ አፍ ያንቺ ነው።»

እኔ ስለ ጩኸቱ የሚያወሩ መሰለኝ። «እንዳይጮህ ላድርገው፣ አባባ?»

«ይጩህ! ልጩህ ካለ ማን ከለከለው። እንዳይበላ ነው የምልሽ። ካንቺ እጅ ካልሆነ ከመሬት አንዲት ነገር እንዳይቀምስ።»

በቅበላው ሰሞን፣ ሥጋ ቤቶች ሳይዘጉ፣ አባባ ሳንባ ገዝተው እየመጡ ግቢ ውስጥ በአሮጌ ድስት ይቀቅሉ ነበር። ጨው የለውም፣ ቅመም የለውም። ሲበርድ በስሱ ይቆርጡትና ወንፊት ላይ አድርገው ፀሐይ ያስመቱታል፤ እንደ ቅጠል ሲደርቅ በቆርቆሮ ይዘጉታል። በዚያ ነበር ዳማን ያስተማርነው። አንድ ቁራጭ መሬት ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሊያነሳ ሲል «ተው!» እላለሁ። ዓይን ዓይኔን ካየ፣ ከእጄ ላይ ሌላ ቁራጭ አውጥቼ «እንካ» እለዋለሁ። በሳምንቱ ምራቁ እየተንጠባጠበ እንኳ መሬት ላይ ያለውን አይነካም ነበር።

አባባ እየቆራረጡ ያስጠኑኛል፤ እኔም የአማርኛ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር መርፌ ይሆናል። ሽንኩርት ደሙን ያበላሽበታል፣ ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ አይሰጥም። ሊጥ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይነፋል። ቸኮሌት ልቡን ይመታዋል። ካሮትና የተቀቀለ ድንች ግን ችግር የለውም። ዘቢብ የሚባል ነገር አላነሱም። ማን ለውሻ ዘቢብ ይሰጣል?

ከአጥሩ ማዶ እትዬ ውዴ ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ እንቁላል እየሸጠች የምትተዳደር ሴት ናት። ዳማ ገና የሥልጠናውን ነገር ሳናስበው፣ በገና ሰሞን፣ አጥሩን ሾልኮ ገብቶ እንቁላል ጣይ ዶሮዋን ገደለባት። እናቴ ሌላ ዶሮ ሰጠቻት፤ የመጣችው ዶሮ ግን ሳትጥል ከረመች። አንድ ቀን ዳማን እንደገና አጥሩ ሥር ስታየው እትዬ ውዴ በአደባባይ ጮኸች።

«ይኼን ውሻ እሰሩ! አለዚያ የጅቡን መርዝ እኔ ራሴ ነኝ የማቀምሰው!»

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋን በሩቁ ነበር የማያት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥረው ነገር ሁሉ መርዝ ይመስለኛል። አሁን ሳስበው ሳንቲሟን ነበር የምትቋጥረው።

በዚያው ሰሞን ሕፃኑን ሳንባ ምች ይዞት ነበር። እናቴ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች፤ ልጇ ከዳነላት ለየካቲት በዓል ዘቢብ ይዛ ልትሄድ። ልጁ ዳነ። ዘቢቡ ተገዝቶ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ በነጭ ከረጢት ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። «ይኼ አይነካም፤ የእመቤታችን ነው» አለችኝ። ዘቢቡ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ተጨምቆ ለቁርባን እንደሚሆን ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ከሱ የተቀበለ ሰው ክፉ ነገር እንደማይቀርበው ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ራሴ ወስኜ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቶች ተዘጉ፣ በቆርቆሮ የያዝነው የደረቀ ሳንባም በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። አባባ ከሌላ ቦታ ላምጣ ሲሉ እናቴ «በሁዳዴ ግቢዬ ውስጥ ሥጋ አይሸትም!» አለች። ቀረ። ለዳማ ካሮት ሰጠሁት፤ ላሰውና ተፋው። ድንቹን አንድ ቀን በላ፣ በማግስቱ አሽትቶ ዞረ። «ተው» ስለው ዓይኔን ማየት ተወ። አፍንጫው ሁልጊዜ መሬት መሬቱን ነው።

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳማ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ጠበቀኝ። ወደ ቤት ስንወርድ በድንገት ወደ ቦዩ ዘለለ።

«ተው! ዳማ፣ ተው!»

አልሰማኝም። ላዩ ላይ ወደቅሁ፤ መንጋጋውን ፈልቅቄ እጄን እስከ አንጓዬ ድረስ አፉ ውስጥ ከተትኩ። ያገኘሁት የጫማ ሶል ነበር። እጄ ደምቷል፣ ጉልበቴ ተልጧል፤ እኔ ግን እየሳቅሁ ነበር፣ ሶል ስለሆነ። ቀና ስል ከማዶ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ የባለሱቁ ነጭ ውሻ እግሮቹን ገትሮ ተኝቷል። ሳቄ እዚያው ቆመ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እናቴ ሕፃኑን ይዛ ጎረቤት ሄዳ፣ አባባም አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ሳሉ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ከረጢቱን አወረድኩ። ለሙከራ አንዲት ፍሬ ብቻ መሬት ላይ አስቀመጥኩና አንዲት በእጄ ያዝኩ። «ተው» አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየ። ሳንባው ካለቀ ወዲህ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «እንካ።» እጄን ሁሉ ላሰው። ጨመርኩለት። «እመቤቴ፣ መርዙ እንዳያገኘው» እያልኩ አንድ እፍኝ፣ ከዚያ ሌላ እፍኝ ሰጠሁት። ከረጢቱን ሙሉ እንዲመስል ከሥሩ ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርጌ ሰቀልኩት። በዚያ ምሽት ከስንት ቀን በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የእትዬ ውዴ ድምፅ ነው።

«ጥሩወርቅ! ጥሩዬ! ኧረ ውሻችሁን!»

ዳማ በአጥሩ ሾልኮ ከዶሮዎቿ ቤት ሥር ተጋድሟል። አፉ ዙሪያ ትውከት አለ። ጭራውን ሊያነሳ ሞክሮ ተወው። እናቴ ሕፃኑን እንዳዘለች ደርሳ አየችውና ወደ እትዬ ውዴ ዞረች።

«አበላሽው! ያልሽውን አደረግሽ!»

«እኔ? እኔ ነኝ እኮ የጠራሁሽ!»

«ያኔ በአደባባይ የተናገርሽውን ያልሰማ ጆሮ አለ?»

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ቆሙ። የባለሱቁ ሚስት መጣች፣ ውሻዋ ትናንት የሞተባት፤ እትዬ ውዴን ትኩር ብላ አየቻት። እትዬ ውዴ በመድኃኔዓለም ማለች፣ ደረቷን ደቃች። ማንም አልመለሰላትም። ሰው ሲምል ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ መልስ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት።

አባባ ተንበርክከው የዳማን ከንፈር ገለጡ፣ ድዱን በጣታቸው ጫን አደረጉት፣ እግሩን አጠፉና ለቀቁት።

«የጅቡ መርዝ ቢሆን ያንፈራግጠው ነበር። ይኼ አልተንፈራገጠም።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «አፉ ያንቺ ነው። ምን በላ?»

«ምንም» አልኩ።

«ትናንት አጥሩ ጋ እሷን አይተሻታል?» አለች እናቴ።

«አይቻታለሁ።»

እውነት ነው፣ አይቻታለሁ። ዶሮዎቿ እዚያ ስለሆኑ እትዬ ውዴ በየቀኑ አጥሩ ጋ ናት። እኔ ግን እውነቱን ለውሸት አዋልኩት። እትዬ ውዴ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ አልጮኸችም። ሴቶቹ «እግዚኦ» ብለው አማተቡ።

አባባ ባጃጅ አስቆሙ። ሾፌሩ ውሻ አልጭንም አለ፤ በማዳበሪያ ጠቅልለነው እሺ አለ። ልንነሳ ስንል እትዬ ውዴ ነጠላዋን አደግድጋ መጣችና ከጎኔ ገባች።

«አንቺ ወዴት ነሽ?» አሏት አባባ።

«ውሻው ብቻ አይደለም የታመመው። ስሜም አብሮ ታሟል። ሐኪሙ የሚለውን በጆሮዬ እሰማለሁ።»

የዳማ ጭንቅላት እኔ ጭን ላይ ነበር፣ ወገቡ እሷ ጭን ላይ። መንገዱ ጉድጓድ በነካ ቁጥር ያቃስታል፤ ባቃሰተ ቁጥር እሷ ሆዱን በመዳፏ ትደግፈዋለች። እኔ በልቤ ስእለቱን አስብ ነበር። የንስሐ አባታችን የተቀደሰ ነገር ለውሻ እንደማይሰጥ ሲናገሩ የሰማሁት ትዝ ያለኝ እዚያ ባጃጅ ውስጥ ነው። ብናገር እመቤታችን ሕፃኑን መልሳ የምትወስደው መሰለኝ። ባልናገር ዳማ ይሞታል። የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ ወንድሜንና ውሻዬን በሚዛን አስቀምጬ ዝም አልኩ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም ወጣት ነው። ዳማን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ሙቀቱን ለካ፣ ልቡን አዳመጠ።

«የበላውን የሚያውቅ አለ?»

«የለም» አሉ አባባ። «በሰፈሩ መርዝ ይጣላል። ምልክቱ ግን የዚያ አልመሰለኝም፣ ዶክተር።»

«እኔም አልመሰለኝም። ግን ሌላ የበላው ነገር ከሌለ በምን ልጀምር? ለመርዙ የምሰጠው መርፌ የሚያደነዝዝ ነው። ይኼ ውሻ ደክሟል። የበላው ያ ካልሆነ፣ መርፌው ራሱ ላያስነሳው ይችላል።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ብልቃጥ አነሳ፣ መርፌውን ሰካ፣ መድኃኒቱን መሳብ ጀመረ። ጠብታዋ ከመርፌው ጫፍ ላይ ስትንጠለጠል አየሁ። እትዬ ውዴ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«ዘቢብ ነው!» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ዘቢብ ነው የበላው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ የስእለቱን!»

ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ። «ምን ያህል?»

ሁለት እጆቼን እፍኝ አድርጌ አሳየሁት። አባባ እጆቼን አዩ፣ ከዚያ ወለሉን። «ዘቢብ ደግሞ ምን ያደርገዋል?» አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ከብት ያከሙ ሰው፣ እንደ ተማሪ ነበር የጠየቁት።

«ኩላሊቱን ነው የሚመታው፣ አባቴ። ሰውን ምንም አያደርግም፤ ለውሻ ግን መርዝ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም።» ወደ እኔ ዞረ። «ደግ አደረግሽ የተናገርሽው።»

ደግ አደረግሽ ሲለኝ ዞሬ እትዬ ውዴን አየሁ። ፊቷ ላይ ንዴት እጠብቅ ነበር። ያየሁት ድካም ነው። ነጠላዋን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ወጣች። ባጃጅ አልጠራችም። በአስፋልቱ ዳር፣ በእግሯ፣ ወደ ሰፈራችን ስትሄድ በመስኮቱ አየኋት።

ሐኪሙ ከእግሩ ላይ ጠጉሩን ላጭቶ ግሉኮስ ሰካለት። ሁሉም ነገር በሽንቱ ላይ ነው አለን። ኩላሊቱ ሠርቶ ከሸና ይድናል። ካልሸና ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ዳማን ይዘን ቤት ስንደርስ እናቴ ነገሩን ከአባባ ሰማች። አልመታችኝም። ከረጢቱን አውርዳ በእጇ መዘነችው፣ ከዚያ ሄዳ ሕፃኑን አቀፈች። ብትመታኝ ይሻለኝ እንደነበር አወቅሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ይዛ የንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰደችኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዘቢቡ ብዙም አልተቆጡም። ስግደት ሰጡኝ፣ ወንድሜን ማንም እንደማይወስደው ነገሩኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ዘቢቡ ይተካል፤ ከገበያ ይገዛል። የሰው ስም ግን በኪሎ አይሸጥም። ለውዴ ምን አደረጋችሁላት?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ዳማ እሑድ አልሸናም። ሰኞ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ መልሰን ስንወስደው ዓይኑን እንኳ አልገለጠም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ግሉኮሱ ተነቅሎለት ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አወረድነው። ሦስት እርምጃ ተራመደ። እግሩን ማንሳት ስላቃተው እንደ ቡችላ ዝቅ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ሸና። ብዙ ነበር፤ ጫማዬን ነካው። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እልል በይ እንጂ! ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉኝ። እልል ለማለት ሞክሬ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ከቦዩ አጠገብ አንድ ድንጋይ አነሳች። በቅዳሜው ጠብ ቆመው የነበሩትን ሴቶች ሁሉ ጠርታለች፣ የባለሱቁን ሚስት ጨምሮ። ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ እትዬ ውዴ በር ላይ ቆመች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ከዚያ በፊት እናቴ ለማንም ስታጎነብስ አላየኋትም።

እትዬ ውዴ ለመውጣት ጊዜ ወሰደች። በመጨረሻ በሯን ከፍታ ደረጃው ላይ ቆመች።

«ማሪኝ፣ እትዬ» አለች እናቴ መሬት መሬቱን እያየች። «በሐሰት ስምሽን አጠፋሁ። ውሻውን ያሳመመው የራሴ ቤት ነው። እነዚህም ይስሙ።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። አጥሩ ጋ አየኋት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩና ድንጋዩን ከእናቴ ማጅራት ልወስድ ተንጠራራሁ። ከበደኝ። ጉልበቴ ላይ ወደቅሁ፤ ድንጋዩም አፈር ላይ ወደቀ።

እትዬ ውዴ ወርዳ በክንዴ አነሳችኝ። ቀሚሴን አራገፈችልኝ።

«ልጅ ይዋሻል። ፈርተሽ ነው። ላንቺ እግዜር ይፍታሽ ብያለሁ።» ከዚያ እናቴን አየቻት። «አንቺን ግን አልችልም፣ ጥሩዬ። ስንት ዓመት ጎረቤቴ ነሽ? ባሌ ሲሞት ያስተዛዘንሽኝ አንቺ ነሽ። ሴቶቹ ቢያምኑ አይገርመኝም። አንቺ እንዴት ታምኛለሽ? እንዲህ በአንድ ጠዋት አይወጣልኝም።»

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ በሁዳዴ! ይቅር በያት እንጂ!» አለች።

«ተያት» አለች እናቴ ቀና ብላ። «እውነቷን ነው። እጠብቃለሁ።»

ጠበቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አጥሩ ጋ ትሄድና «እንዴት አደርሽ፣ እትዬ ውዴ?» ትላለች። መልስ የለም። የዶሮዎቹ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ትንሽ ቆማ ትመለስና ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አዳምጣለሁ። ፋሲካ አለፈ፣ ያው ነው። ግንቦት አለፈ። አባቴ «ተይው፣ በቃ፣ ራስሽን አታዋርጂ» ቢላትም አልሰማችውም።

የሰኔ ዝናብ በጀመረ ሳምንት፣ አንድ ጭጋጋማ ጠዋት፣ እናቴ እንደ ልማዷ ጠየቀች። እግሯ ጭቃውን እየረገጠ ሲመለስ ሰማሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ከማዶ ድምፅ። «ሕፃኑ እንዴት አደረ?»

እርምጃው ቆመ። ከአልጋዬ ዘልዬ በመስኮት አየሁ። እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላለች።